ማሳቹሴትስን ተራራ ላይ ሰቅዬ

ቢቸና ውስጥ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከሠራሁት ሁሉ አብልጬ የምኮራበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ክፍሌ ግድግዳ ላይ የሳልኩት የአሜሪካ ካርታ። የትምህርት ቤቱ በርና መስኮት ሲቀባ የተረፈውን ቀለም ለምኜ፣ የክረምቱን እኩሌታ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ የሳልኩት ነው። ከዞን እንግዳ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ የሚያስገባው እኔ ክፍል ነበር። እንግዶቹ ከካርታው ሥር ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ እኔም ጠመኔ የነካካው ጋዋኔን አራግፌ ከጎናቸው እቆማለሁ። የዚያን ጊዜ ሰው አይችለኝም ነበር።

ነገሩ የመጣው ከችግር ነው። ከታሪኩ ትምህርት ውስጥ እንግሊዞች በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለመሠረቷቸው ቅኝ ግዛቶች የሚያወራ ክፍል አለ። የመሬቱ አቀማመጥና የአየሩ ጠባይ የሰዉን ኑሮና ንግድ እንዴት እንደቀረጸው ያስረዳል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ በውስጡ ያለው ካርታ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ተማሪው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲወርድበት ውሎ እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ፈዟል። አንድ ቀን ተስፋ ቆረጥኩና መጽሐፉን ዘግቼ፣ «ስሙኝማ፤ እነሱም እንደኛው ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ አላቸው» አልኳቸው።

ክፍሉ ነቃ። እነሱ ሲነቁ እኔም ነቃሁ። ኒው ኢንግላንድ የሚባሉትን ሰሜኖቹን ደጋ አደረግኳቸው። መሬቱ ድንጋያማ ነው፣ ብርዱ ብዙ ወር ይቆያል፣ እህሉ ከቤተሰብ ጉርስ አያልፍም። ስለዚህ ሰዎቹ ፊታቸውን ወደ ባሕር አዞሩ፤ ዓሣ አጠመዱ፣ ከደናቸው ግንድ ቆርጠው መርከብ ሠሩ፣ ነጋዴ ሆኑ። መካከለኞቹን፣ እነ ፔንስልቬንያን፣ ወይና ደጋ አልኳቸው፤ አፈራቸው ጥልቅ፣ ዝናባቸው ልከኛ፣ ስንዴያቸው ከራሳቸው ተርፎ በመርከብ የሚጫን። «እንደ ቢቸና ጤፍ በሉት» ስላቸው ሳቁ። ደቡቦቹ፣ ቨርጂንያና ካሮላይና፣ ቆላ ሆኑ። ሙቀት፣ ረጅም የእርሻ ወቅት፣ ትምባሆ፣ ሩዝ፣ ጨርቅ ሰማያዊ የሚነከርበት ተክል። እርሻው ዳር ድንበር የለውም፤ የሚለፉበት ደግሞ ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የመጡ ባሮች ናቸው። «ሙቀቱ ነው ይህን ያመጣው» ብዬ አለፍኩት። በአንድ ክፍለ ጊዜ ለሁሉም ገባቸው። የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም።

ካርታውን ስስልም በዚሁ ሄድኩ። ቨርጂንያንና ካሮላይናን ዝቅ አድርጌ በቢጫ ቀባሁ፤ ፔንስልቬንያን መሃል ላይ በአረንጓዴ። ኒው ኢንግላንድን ግን በቡናማ ቀለም ወደ ላይ አስወነጨፍኩትና ጫፉን ነጭ አደረግኩት። ሌላ ተራራ አይቼ ስለማላውቅ የሳልኩት ቁርጥ ጮቄን ነው። ማሳቹሴትስ የምትባለዋን ስም ጫፉ ላይ ጻፍኳት።

ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ብርዱ የሚጨምርበት፣ ኬክሮስ የሚባል ነገር መኖሩን አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ግን ያወቅኩት ለፈተና ነበር፤ እግሬና ቆዳዬ አያውቁትም። ሞጣ ተወልዶ ቢቸና ለኖረ ሰው ብርድ ማለት ላይ ማለት ነው። ብርድ የፈለገ ወደ ጮቄ ይወጣል፣ ሙቀት የፈለገ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ብርድ በሌላ መንገድ ሲመጣ አላየሁም። ካርታ ላይ ደግሞ ሰሜን ሁልጊዜ ከላይ ነው። ላዩ ከላዩ ጋር ገጠመልኝና አንድም ቀን ሳልጠራጠር አስተማርኩ።

በዚያ ዓመት ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት ከዓባይ ቆላ የመጣች ልጅ ነበረች። ከሩቅ የሚመጡ ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው ነው የሚማሩት። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። የእሷ ቤት ገደሉን ወርዶ፣ ወርዶ፣ ወንዙ የሚሰማበት ቦታ ነው። ዝምተኛ ናት። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከእሷና ከመሰሎቿ ጋር ጠብ ነበረኝ፤ ጭንቅላታቸው ዴስኩ ላይ ሲወድቅ እደርስባቸዋለሁ። በጠመኔ እመታቸው ነበር፣ መቼም ዛሬ አልዋሽም።

በዓመቱ መጀመሪያ በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ መድረክ ስይዝ ይህንኑ ቀልድ አደረግኩት። «የቆላ ልጆቻችን ሰኞ ሰኞ ያንቀላፋሉ» አልኩ። «ምን ይደረግ፣ ሰውን የሚሠራው የአየር ጠባይ ነው፤ ሙቀት ያደነዝዛል።» ወላጆች ሳቁ። እኔ ያየሁት የሳቁትን ነው።

ታዲያ ያቺ ዝምተኛ ልጅ አንድ ቀን፣ ሰኞ ባልሆነ ቀን፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ዓሣ አጥማጆቹ የት ነው የሚያድሩት?»

«ቤታቸው ነዋ።»

«ቤታቸው ደጋ ላይ ነው?»

«አዎ።»

«ባሕሩስ?»

«ታች ነው። ባሕር መቼም ላይ አይሆን።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ተራራ ትንሽ አየችና፣ «ታዲያ በየቀኑ ወርደው በየቀኑ ይወጣሉ? ያን ሁሉ ዓሣ ተሸክመው?» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሳቅ ሲሰማ ከመድረክ የማልወርድ ሰው ነኝ። «ጎበዞች ነበሩ» አልኩ። «በበቅሎም ይሆናል።»

ሳቁ በረታ። እሷ አልሳቀችም፤ እጇን አውርዳ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ላይ የኒው ኢንግላንድ ሰዎች ለምን በእርሻ እንዳልኖሩ ጠየቅኩ። ድንጋዩን ጻፈች፣ ብርዱን ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ ቦታው ከፍ ያለ ሳይሆን ዝቅ ያለ፣ ባሕር ዳር ያለ መሆን አለበት ብላ ጨመረች። ምክንያቷንም አስቀምጣለች፤ ሸክም ይዞ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ያን በየቀኑ አድርጎ አይነግድም፣ መርከብም ተራራ ላይ ሠርቶ አያወርድም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የጻፈችው። አነበብኩት። በቀይ እስክሪብቶ አራት መስመር ሙሉ ሰረዝኩና ነጥቡን ቀነስኩባት። ግድግዳ የሚያህል ካርታ ፊቷ ተቀምጦ ዓይኗን ጨፍና የምትጽፍ ስለመሰለኝ ተናድጄም ነበር።

ውጤት ተደመረ፣ ደረጃ ወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ተዘጋ። እኔም በደብረ ወርቅ በኩል በሚሄደው አውቶቡስ ወደ ሞጣ ሄድኩ።

ሞጣ ላይ የአባቴ ታላቅ ወንድም አሉ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኛ የወንድማቸው ልጆች ሳንቀር የኔታ ነው የምንላቸው። ልጅ ሆኜ ከእሳቸው ዘንድ ጥቂት ተቀኝቼ ነበር፤ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስኮበልል አልተቆጡኝም፣ ግን ባየሁዋቸው ቁጥር ምን እንደማስተምር ይጠይቁኛል። ያን ጊዜም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እሺ፣ ዘንድሮ ማንን አነገሥክ?» አሉኝ።

ንጉሥ አለመሆኑን፣ አሜሪካ የምትባለው አገር ስትጀመር ደጋዋ፣ ወይና ደጋዋና ቆላዋ ሰዉን ምን ምን እንዳደረገው መሆኑን ነገርኳቸው። ወደዱት። ስለ ዓሣው ደጋግመው ጠየቁኝ። በዚህ መሃል የዚያችን ልጅ ነገር አነሳሁላቸው፤ በበቅሎ ይሆናል ያልኩትንም፣ መልሷን በቀይ የሰረዝኩትንም ለማሳቅ ብዬ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉና፣ «እስቲ ያን ደጋ አሳየኝ። ያ ስልክህ ያሳይ የለ?» አሉ።

ስልኬን አውጥቼ የማሳቹሴትስን የባሕር ዳርቻ በብርድ ወራት ፈለግኩ። ኔትወርኩ እየተንቀረፈፈ ፎቶውን ከላይ ወደ ታች በዝግታ ከፈተው። መጀመሪያ ግራጫ ሰማይ መጣ። ቀጥሎ በረዶ፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ መሬቱን አልብሶት የተኛ። ከበረዶው በታች ገደል ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። የመጣው ውሃ ነው። በረዶው አሸዋው ላይ ተኝቶ ጫፉን ማዕበሉ ይልሰዋል። ጀልባዎቹ እዚያው ቆመዋል፣ ቤቶቹ እዚያው ናቸው፣ ከቤት በር እስከ ባሕሩ እኔና የኔታ ከተቀመጥንበት እስከ ቅጥሩ በር ያህል ቢሆን ነው። ሌላ ፎቶ ከፈትኩ፣ ሌላም ደገምኩ። ተራራዬን ፈለግኩት። የለም።

ክው ብዬ ቀረሁ። በረዶ ከባሕር ጋር ጎን ለጎን ሊተኛ ይችላል የሚል ነገር አንድም ቀን በሐሳቤ አልፎ አያውቅም። ያ ሁሉ ብርድ ከላይ አልወረደም፤ ሜዳ ለሜዳ፣ ከጎን፣ ከሰሜን በኩል እየተጓዘ መጥቶ ከሰዉ ደጃፍ ተቀመጠ። ፀሐይዋ አዘንብላ ስታልፋቸው፣ ባሕሩም ከነጨዉ ሊያድናቸው አልቻለም። ኬክሮስ ማለት ይህ ኖሯል። ዓለም እኔ ከማውቃት በሌላም በኩል እንደምትበርድ ያን ቀን፣ ጉልበቴ ላይ ስልክ ይዤ አወቅኩና ዕንባዬ መጣ። ለምን እንደመጣ አላውቅም። ማፈሬ በኋላ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ የመጣው መደነቅ ነበር።

የኔታ ፊቴን አይተው ሰው የሞተ መሰላቸው። እንደምንም አስረዳኋቸው። ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው አዩት። ከዚያ አጠገባቸው የነበረውን መቋሚያ አንስተው መሬት ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙት።

«የእኛ አገር ይኸ ነው» አሉ። «ጫፉ ውርጭ፣ መሃሉ እህል፣ ሥሩ ሐሩር።» ቀጥሎ መቋሚያውን በቀስታ ሣሩ ላይ አጋደሙት። «የነሱ ደግሞ ይኸ ነው። ያው መቋሚያ ነው። ያንዱ ቆሟል፣ ያንዱ ተኝቷል።»

እኔ ያን ያህል ዓመት ያስተማርኩትን፣ መጽሐፉም በብዙ ገጽ ያላስረዳኝን፣ ከሞጣ ርቀው የማያውቁ ሰው በአንድ በትር ጨረሱት። አፌን ከፍቼ መቋሚያውን አያለሁ። እሳቸው ግን ሐሳባቸው ወደ ሌላ ሄዶ ኖሯል።

«ልጅቱ ያለችው ይህንኑ አይደል?» አሉ።

«ይህንኑ ነው።»

«እህ። አንተ ቆላ ቆላ ስትል ልጅቱን ቆላሃታ።»

ቅኔ ነው። የአገሩ ስም ቆላ፣ ማሽላ በምጣድ ሲጠበስም ቆላ። በአንድ ቃል የቆላ ሰው አድርጌ መደብኳት፣ በዚያው ቃል አቃጠልኳት። ሳቅን። የተማርኩትን ሰምና ወርቅ ዛሬም መለየት በመቻሌ ትንሽ ደስም አለኝ። ቢቸና ተመልሼ ነጥቧን አስተካክልላታለሁ ብዬ ነገሩን ቀለል አድርጌ ያዝኩት።

ትምህርት ሲከፈት ወንበሯ ባዶ ነበር። በማግስቱም ባዶ ነው። አብራት ቤት የተከራየችውን ልጅ ጠየቅኳት።

«አትመጣም፣ ቲቸር» አለችኝ። «አባቷ ከአሥር ውስጥ ካልወጣሽ አትማሪም ብለዋታል። አሥራ አንደኛ ወጣች።»

ወርቁ ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ መምህራን ክፍል ሄጄ ወረቀቷን አወጣሁ፤ የሰረዝኩት አራት መስመር በቀይ ቀለም ያፈጥብኛል። እንደገና አርሜ ደመርኩት፤ ዘጠነኛ ሆነች። የውጤቱ ሮስተር ተፈርሞ የተዘጋ ስለነበር ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ልጅቱ አይደለም።

«ካርታው ስህተት ነው እያልከኝ ነው? ያ ሁሉ እንግዳ ፎቶ የተነሳበት?»

«ስህተት ነው።»

ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና ፈረመልኝ። የቀረው ለቤተሰቧ መንገር ነበር፤ እዚያ ታች ደግሞ ስልክ አይሠራም። በሰው ልላክ ብል፣ ለአባትየው ምን ብዬ እልካለሁ? ቅዳሜ ማለዳ መኪናው እስከሚደርስበት የገደሉ አፋፍ ድረስ ሄጄ ከዚያ በእግሬ መውረድ ጀመርኩ። ይህን ያህል ዘመን ስለ ቆላ ሳስተምር አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም ነበር።

ስነሳ ሹራብ ለብሻለሁ፣ በሹራቡም ላይ ጋቢ ደርቤያለሁ። አፋፉ ላይ የጤፍ ቃርሚያና የጭድ ክምር ነበር፤ በጥቁሩ አፈር ላይ ሽምብራ የሚነቅሉ ሰዎች እያፏጩ ይሠራሉ። ትንሽ ስወርድ አፈሩ ቀላ፣ ጤፉ ቀረ፣ የበቆሎ አገዳ መጣ። ጋቢዬን አውልቄ አጣጠፍኩ። ደግሞ ስወርድ ዛፎቹ ተቀየሩ፣ የወፎቹ ድምፅ ተቀየረ፣ የማላውቀው ሽታ ከታች እየተነነ መጣ። ሹራቤን አወለቅኩ። ቀና ብዬ የመጣሁበትን ሳይ አፋፉ ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ሰማዩን ይዞታል፤ ወደ ታች ሳይ ገና ማለቂያ የለውም፤ ቋጥኙ በየድርድሩ ቀለሙን እየለወጠ፣ ቀይ፣ ግራጫ፣ ነጭ እየሆነ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ማሽላ ማየት ስጀምር ሹራቡን ራሴ ላይ ጠምጥሜው ነበር። ከዚያ ጥጥ መጣ፤ በእጄ ነካሁት። የሎሚ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ እየተነፈስኩ የኔታ መቋሚያ ትዝ አለኝና ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ከማሳቹሴትስ እስከ ካሮላይና በመርከብ ስንት ቀን ይፈጅ እንደነበር አላውቅም። እኔ በግማሽ ቀን በገዛ ጉልበቴ ደርሻለሁ። ያ ሁሉ አገር፣ ያ ሁሉ ኑሮ፣ ከቤቴ ጓሮ ተደርድሮ ቆሞ ሲጠብቀኝ ኖሮ እኔ ግድግዳ ስቀባ ነበር። እግዚአብሔር ይህን ሲሠራ ምን ያህል ቢደሰት ነው ብዬ አሰብኩ።

ቤተሰቡን ያገኘሁት አውድማ ላይ ነው፤ ማሽላ ይወቃሉ። ልጅቱ ገና ከሩቅ ስታየኝ የያዘችውን ሰፌድ ጣለች። መምህር ያን ገደል የሚወርደው መርዶ ይዞ ነው ብላ ነው። ማንም እንዳልሞተ ምዬ ነገርኳት።

አባትየው ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቂት ተናጋሪ ሰው ናቸው። ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፤ ውሃ በቅል፣ የማሽላ እንጀራ ቀረበልኝ። ከበላሁ በኋላ ልጅቱ ባለችበት ተናገርኩ።

«ልጅዎ ልክ ነበረች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነጥቧን ቀንሼባታለሁ። ደረጃዋ አሥራ አንደኛ አይደለም፣ ዘጠነኛ ናት። ይህንን ልነግርዎ ነው የመጣሁ።»

ልጅቷ ወደ መሬት አየች። አባትየው ግን ስህተቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። አውድማው አቧራ ላይ በእንጨት ሳልኩላቸው፤ ባሕሩን፣ ዳርቻውን፣ ከጎን የሚመጣውን ብርድ። በጥሞና አዩ።

«የብርዱ ሰው ዓሣ ያዘ። የመሃሉ ስንዴ ዘራ» አሉ። «የቆላው ሰውስ?»

ትምባሆውን፣ ሩዙን ነገርኳቸው። ስለ ባሮቹም ነገርኳቸው። እንደለመድኩት፣ «ሙቀቱ ነው ያመጣው» አልኩ።

«ሙቀቱ ነው ሰው ያሰረ?»

«እንግዲህ… እርሻው ሰፊ ነው፣ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ሥራው ደግሞ በዚያ ፀሐይ…»

«ይኸም ፀሐይ ነው፣ መምህር» አሉ ወደ ላይ ሳያዩ። «ማሽላውም ብዙ እጅ ይፈልጋል። እኔ ማንንም አላሰርኩ። ሰው ያሰረውስ ሰው ነው።»

ያን ያህል ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር እየዘለልኩ ያለፍኩት ነገር አውድማው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። መሬትና አየር ሰውን ትምባሆ ሊያስተክሉት ይችላሉ፤ ሰንሰለቱን ግን ወዶ የቀጠቀጠ ሰው አለ። ይህን ለተማሪዎቼ አንድ ቀን እንኳ ብዬ አላውቅም።

አባትየው እንጨቱን ከእጄ ወስደው አቧራውን ጫር ጫር አደረጉ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «በስብሰባው ላይ ሙቀት ያደነዝዛል ያሉት እርስዎ ነበሩ መሰለኝ» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ከኋላ ቆሜ ነበር። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ማታውን ለልጄ ነገርኳት፤ ከአሥር ውስጥ ከወጣሽ እሰየው፣ ካልወጣሽ ግን ከቤትሽ ተቀመጪ አልኳት። ደንዛዛ ከሆነች እዚሁ ከኔ ዘንድ ትሁን፣ የሰው መሳቂያ አላደርጋትም ብዬ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ላቤ ሲወርድ ሙቀቱ ነው እንዳልል እንኳ አፍ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ወደ ልጅቷም ዞሬ ጠየቅኳት። እሷ ጣቷን ትቆረጥማለች። እሳቸውም ግድ የለም አላሉኝም። ተነሱና የነፈሰውን ማሽላ በእጃቸው ዘግነው አዩ።

«ነገ እሑድ ነው» አሉ። «ስንቋን ይዛ ትወጣለች። እርስዎም አብረው ይውጡ።» ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ። «ግማሹን እርስዎ ይያዙላት።»

ያረፍኩት እዚያው ነው። እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። የማሽላ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በጠርሙስ ዘይት፤ ግማሹ በእሷ ጀርባ፣ ግማሹ በእኔ። መጀመሪያ ወሬ እያወራሁ ነው የወጣሁት። ፀሐይዋ ትከሻዬ ላይ ስትደርስ ወሬውን ተውኩ። ቀትር ላይ መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥር እርምጃ፣ እረፍት፣ አሥር እርምጃ፣ እረፍት። እሷ በየመታጠፊያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ስደርስ ተነስታ ትሄዳለች። ያን ዳገት በየሳምንቱ ስትወጣው ኖራለች። እየወጣች ሰኞ ጠዋት እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ እኔ ደግሞ በጠመኔ እመታታለሁ።

ከእኩለ ቀን በኋላ አንድ ቋጥኝ ላይ ተዘርሬ ሰማይ ሰማይ ሳይ ከበላዬ ቆመች። ከመጣሁ ጀምሮ በራሷ ፈቃድ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ቲቸር፣ በበቅሎ ይሻልዎ ነበር» አለችኝ።

ፊቷን ቀና ብዬ ሳየው አልሳቀችም። ከንፈሯ ዳር ላይ ግን አንድ ነገር ነበር። ሳቄ መጣ፣ ግን ትንፋሽ አልነበረኝም።

አፋፉ ላይ ስንወጣ ሊመሽ ነበር። ነፋሱ ከጮቄ በኩል መጥቶ ላባችንን አደረቀው፤ ጋቢዬን ሰጠኋትና ወደ ኋላ ዞረን ገደሉን አየነው። ታች ወንዙ የለም፣ ጭጋግ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ በገዛ እግሬ መውጣቴን ማመን አቃተኝ። እሷ ለማየት ብላ ሳይሆን እኔን ለመጠበቅ የቆመች ይመስለኛል።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ተማሪዎቹ እንደተቀመጡ ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ ስህተት መሆኑን ነገርኳቸው፤ ማን እንዳረመውም ነገርኳቸው። ስለ ሰንሰለቱም አባቷ ያሉትን አልኩ። ከዚያ የቀረውን ነጭና ሰማያዊ ቀለም ከነብሩሹ ለልጅቷ ሰጠኋት። ወንበር ላይ ወጥታ ከተራራው ጫፍ ጀመረች፤ ነጩን ወደ ታች እያወረደች፣ ባሕሩን እስከ እግሩ እያስጠጋች። ማሳቹሴትስ ከሰቀልኳት ቦታ እየወረደች ውሃው ዳር ልትቀመጥ ስትል ሳይ እንደገና ያ የሞጣው መደነቅ መጣብኝ። የማስተማሪያዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልየው አልኩ። ጭኔ ይንቀጠቀጣል፣ ትከሻዬ ይቆጠቁጠኛል፣ የማለዳ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ፊቴ ላይ አርፏል። ዓይኔን ለአንድ አፍታ ከደንኩት።

ስነቃ ጭንቅላቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዓይኔን ግን አልገለጥኩም። አንዱ፣ «ተኝተዋል እኮ» ሲል ሰማሁ፣ ሌላው ሳቁን አፈነ። አንድ ሰው ተነስቶ ወደ እኔ ሲመጣ የእግሩ ኮቴ ተሰማኝ። የብሩሹ ድምፅ ግድግዳው ላይ ሳይቋረጥ፣ እሷ ዞር ሳትል ተናገረች።

«አትቀስቅሷቸው። ከቆላ ነው የመጡት።»